ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነስቶ ጅቡቲን ለመጎብኘት፦ ከወረቀቱ እስከ መመለሻው ዝርዝር መመሪያ

ጅቡቲ ለወሎ ሰው ሩቅ አገር አይደለችም። የኮምቦልቻ ከባድ መኪና ሹፌሮች ሁሌም ይመላለሱባታል። ወደቧን፣ የድሮ ሰፈሯንና ባሕሯን ለማየት ብለው የሚሄዱ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ ተበሳጭተው ይመለሳሉ። አንዱ ድንበሩ ጋላፊ ላይ ወረቀት ጎድሎት ይመለሳል። ሌላው በሐምሌ ሄዶ ከሆቴል ክፍሉ ሳይወጣ ይከርማል። ሦስተኛው ዓርብ ደርሶ ሁሉም ዝግ ይሆንበታል።

የችግሩ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ብር ማነስ አይደለም፤ ቅደም ተከተል መዛባት ነው። ሰው መጀመሪያ መኪና ይይዛል፣ ከዚያ ስለ ቪዛ ያስባል። እባካችሁ ከታች ያለውን በተራው ሥሩት። አንዱ ደረጃ ሳያልቅ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ደረጃ 1፦ ወቅቱን ምረጡ

ከህዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ። በእነዚህ ወራት ጅቡቲ ሞቃት ናት፣ ግን ሰው ይሄድባታል። ከግንቦት እስከ መስከረም ግን የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ አቧራ የያዘ ትኩስ ነፋስም ይነፍሳል። ክረምት ላይ እረፍት ስላላችሁ ብቻ ልጆች ይዛችሁ አትሂዱ።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጅቡቲ ከባሕር ጠርዝ ላይ ናት። በጦሳ ብርድ የኖረ ሰውነት ያን ልዩነት በአንድ ቀን አይለምደውም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ለእረፍት መድቡት። በዚያ ቀን ምንም ጉብኝት አትያዙ።

የረመዳንን ወር ደግሞ አስቀድማችሁ በካሌንደር እዩ። በጾሙ ወቅት ቀን ላይ ብዙ ምግብ ቤት ዝግ ነው፤ የከተማው እንቅስቃሴም ወደ ማታ ይዞራል።

ደረጃ 2፦ የምትገቡበትን በር ወስኑ

ይህ ከቪዛ በፊት መወሰን አለበት። ምክንያቱም ወረቀቱም፣ ቲኬቱም፣ በጀቱም የሚወሰነው በመግቢያ በሩ ነው። ሦስት መንገድ አለ።

1. በየብስ፦ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰመራ፣ ጋላፊ፣ ከዚያ በዲክሂል በኩል ጅቡቲ።
2. በአየር፦ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ። ሁለተኛው በረራ አንድ ሰዓት ከትንሽ ቢሆን ነው።
3. በባቡር፦ ከአዲስ አበባ ወይም ከድሬዳዋ ጅቡቲ እስካለው ናጋድ ጣቢያ። ባቡሩ በየቀኑ ስለማይሄድ የጉዞ ቀኑን በስልክ አረጋግጡ።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው። ልጅ፣ ሽማግሌ ወይም የልብና የደም ግፊት ሕመምተኛ ካለ በአየር ሂዱ። የየብሱ መንገድ ለጠንካራ ጎልማሳ ነው። በካርታ ሲያዩት አጭር ይመስላል፤ ነገር ግን የአፋር በረሃ፣ የጭነት መኪና ሰልፍና የድንበር ጥበቃ አለበት።

በየብስ ለመሄድ ከወሰናችሁ የመንገዱን ሰላም ከመነሳታችሁ ከሁለት ቀን በፊት፣ እንደገናም በዋዜማው ጠይቁ። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ያሉ የባቲና የሚሌ መስመር ሹፌሮችን ጠይቁ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የተጻፈ ወሬ ለዚህ አይበቃም። መንገዱ ተዘግቷል ከተባለ ዛሬውኑ ቀኑን ግፉ። «እስከ ባቲ ደርሰን እናያለን» አትበሉ።

ደረጃ 3፦ ወረቀቱን ጨርሱ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ጀምሩ።

*ፓስፖርት።* የሌላችሁ በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ድረ ገጽ አመልክታችሁ ደሴ ቅርንጫፍን መምረጥ ትችላላችሁ። ያላችሁ ደግሞ የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ከጉዞው በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ሊቀረው ይገባል። ካልቀረው መጀመሪያ አሳድሱ።

*ቢጫ ካርድ።* የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ነው። ከኢትዮጵያ የሚሄድ መንገደኛ ይጠየቃል። ክትባቱ የሚጸናው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በዋዜማው መከተብ ዋጋ የለውም። አንድ ጊዜ ከተከተባችሁ ግን ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የጠፋባችሁ ከሆነ የተከተባችሁበት ተቋም መዝገብ ላይ አስፈልጉ።

*ቪዛ።* የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል። ጅቡቲ ቪዛ በኢንተርኔት ትሰጣለች። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. የመንግሥቱን ድረ ገጽ ብቻ ተጠቀሙ። አድራሻው በጅቡቲ የአገር መለያ፣ ማለትም በ«ዲጄ» (.dj) ማለቁን አይታችሁ ክፈሉ። ድርብ ዋጋ የሚያስከፍሉ አስመሳይ ገጾች አሉ።
2. ከመክፈላችሁ በፊት በደረጃ 2 የመረጣችሁት በር በዚህ ቪዛ የሚያስገባ መሆኑን አረጋግጡ። የምትሄዱት በጋላፊ ሆኖ ግልጽ ካልሆነላችሁ አትክፈሉ። አዲስ አበባ ያለውን የጅቡቲ ኤምባሲ ጠይቃችሁ ቀጥሉ።
3. ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል ሙሉ። የአያት ስም «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ ይገባል። የራስና የአባት ስም አብረው ይጻፋሉ። መታወቂያችሁ ላይ ያለውን አጻጻፍ እርሱት።
4. የፓስፖርቱን የመጀመሪያ ገጽ ጥርት አድርጋችሁ ስካን አድርጉ። ብልጭታ ያረፈበት የስልክ ፎቶ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።
5. የሆቴል ማስያዣ ወይም የሚቀበላችሁን ሰው አድራሻ አዘጋጁ። የመመለሻ ቲኬትም ይፈለጋል። ለዚህ የመድረሻ ቀኑን ስትቆርጡ ደረጃ 4ን፣ ሆቴሉን ስታስይዙ ደረጃ 5ን አስቀድማችሁ አንብቡ።
6. ክፍያው በካርድ ነው። የአገር ውስጥ ኤቲኤም ካርድ አይሠራም። ዓለም አቀፍ ካርድ ከባንካችሁ ጠይቁ።

ቪዛው ሲመጣ ሁለት ቅጂ በወረቀት አትሙ። ስልክ ባትሪው ያልቃል፤ ሙቀትም ያጠፋዋል። አንዱን ቅጂ ከፓስፖርቱ ለይታችሁ ያዙ።

*ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር አንብቡ።* ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቪዛው 10/01/2026 ካለ መስከረም 10 አይደለም፤ ጥር 2 ቀን 2018 ነው። የቪዛውን የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሳችሁ በእስክሪብቶ ሌላ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ሌላ ሰው ያመሳክረው።

*ልጅ ይዛችሁ ከሆነ* የልደት የምስክር ወረቀት ያዙ። ሌላው ወላጅ አብሮ የማይሄድ ከሆነ የፈቃድ ሰነድ በውልና ማስረጃ አሠርታችሁ ያዙ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። «ያለ ቪዛ በእግር አሻግርሃለሁ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ወዲያው ሽሹ። ከዚያው ከጋላፊ በታች ያለው የበረሃ መንገድ በሰሜን ጅቡቲ ወዳለችው የባሕር ዳር ከተማ ወደ ኦቦክ የሚወስድ የስደት መስመር ነው። የወሎ ልጆች በውሃ ጥም አልቀውበታል፤ ከኦቦክ ማዶ ባለው ባሕርም ሰጥመዋል። ጉብኝት ብሎ ጀምሮ እዚያ መንገድ ላይ የሚያስገባ ሰው ወዳጅ አይደለም። በተለይ ወጣት ልጆቻችሁ «ከጓደኞቼ ጋር ጅቡቲ ልዝናና» ካሏችሁ ቪዛውን በዓይናችሁ እዩ።

ደረጃ 4፦ የመድረሻ ቀን ቁረጡ

የጅቡቲ የሥራ ሳምንት ከእሁድ እስከ ሐሙስ ነው። ዓርብ ከተማው ያርፋል። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ለመድረስ አቅዱ። እሁድ ጠዋት ባንኩም፣ ሲም ካርድ መሸጫውም፣ የጀልባ ቢሮውም ክፍት ሆኖ ያገኛችኋል። ሐሙስ ማታ የሚደርስ ሰው ሁለት ቀን ያጣል።

ሰዓቱ ከኢትዮጵያ ጋር አንድ ነው፤ አጠራሩ ግን ይለያያል። ቲኬት ላይ 06:00 ካለ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። 13:00 ካለ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። እዚያ ያለ ሰው በአማርኛ «በሦስት ሰዓት» ቢላችሁም «በእኛ ነው በእነሱ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከተማው ውስጥ አማርኛ የሚናገር ሰው ብዙ ስለሆነ ይህ ስህተት በቀላሉ ይፈጠራል።

ደረጃ 5፦ ገንዘቡን አዘጋጁ

ጅቡቲ ርካሽ አይደለችም። ሆቴልና ምግብ በኮምቦልቻ ዋጋ አታስቡ። ሆቴሉን ሳትነሱ አስይዙና ዋጋውን በጽሑፍ ተቀበሉ።

የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር ታስሮ የተተመነ ነው። አንድ ዶላር ወደ 177.7 ፍራንክ ነው፤ ይህ ዋጋ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልተቀየረም። 50 ዶላር ወደ 8,880 ፍራንክ ይሆናል። ዘርዛሪ ከዚህ በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ከነገራችሁ ወደ ሌላ ሂዱ።

ዶላሩን ከባንክ በሕጋዊ መንገድ ውሰዱ። ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ይዛችሁ ሂዱ። የባንኩን ደረሰኝ አትጣሉ፤ ድንበር ላይ ሊጠየቅ ይችላል። ያልተቀደደ፣ ያልተጻፈበት ኖት ምረጡ። ይዛችሁ መውጣት የምትችሉት የብር መጠን ገደብ አለው። መመሪያው ስለሚለዋወጥ በዚያው ቀን ባንኩን ጠይቁ።

ገንዘቡን ሦስት ቦታ ክፈሉት። ለመንገዱ የሚሆን ትንሹ ኪስ ውስጥ፣ ዋናው ከሰውነት ጋር፣ መጠባበቂያው ሻንጣ ውስጥ ይሁን።

ደረጃ 6፦ ሻንጣ

አንድ ጃኬት ይበቃል፤ እሱም ከደሴ ሲወጡ ነው። ቀሪው ስስ ጥጥ ልብስ ይሁን። ሕዝቡ ሙስሊም ስለሆነ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይመረጣል። ነጠላ ጫማ፣ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ኦአርኤስ፣ የትንኝ መከላከያና የዘወትር መድኃኒታችሁን ያዙ። አፋርም ጅቡቲም ወባ ስላለ ከመሄዳችሁ በፊት ስለ መከላከያ ክኒን ሐኪም ጠይቁ።

ደረጃ 7፦ የየብሱ ጉዞ፣ ቀን በቀን

በአየር የምትሄዱ ይህን ዝለሉት።

*የመጀመሪያው ቀን፤ እስከ ሰመራ*

1. ከደሴ ሲነጋ ውጡ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ድረሱ። ኮምቦልቻ ማደር ከቻላችሁ ይበልጥ ጥሩ ነው።
2. ኮምቦልቻ ላይ ጠግባችሁ ብሉ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ ግዙ።
3. ባቲን ካለፋችሁ በኋላ ሙቀቱ ይጨምራል። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። መኪናው ሊዘገይ ስለሚችል በዚያ ቀን ጊዜ ጨምሩ።
4. ሚሌ ላይ የጉምሩክ ፍተሻ አለ። የማታውቁትን ሰው ዕቃ አትያዙ፤ «ለዘመዴ አድርስልኝ» የተባለ ፌስታልም ቢሆን።
5. ሎጊያ ወይም ሰመራ እደሩ። ለማደሪያ ማራገቢያ ብቻ ሳይሆን የሚሠራ ኤሲ ያለው ክፍል ጠይቁ፤ ከመክፈላችሁ በፊትም አስከፍታችሁ ሞክሩት።

በዚያው ቀን ጋላፊን ለመድረስ አትሩጡ። ማታ በዚያ መንገድ ላይ የሚርመሰመሰው ተሳቢ መኪና ነው። ብልሽት ቢገጥም መጠለያ የለም።

*ሁለተኛው ቀን፤ ጋላፊን መሻገር*

1. ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሱ።
2. ጋላፊ ስትደርሱ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ኢሚግሬሽን ገብታችሁ *የመውጫ ማኅተም* አስመቱ። ሹፌሩ ቢቸኩልም ሳታስመቱ አትለፉ። ማኅተሙ ከሌለ ችግሩ ስትመለሱ ይመጣል።
3. ከዚያ በጅቡቲ በኩል ፓስፖርት፣ ቪዛና ቢጫ ካርድ አንድ ላይ አቅርቡ። የሆቴሉን ስምና አድራሻ በቃላችሁ ያዙ፤ ይጠየቃል።
4. የመግቢያ ማኅተሙን ቀን ቆማችሁ እዩ። የተሳሳተ ከሆነ መስኮቱን ሳትለቁ አሳርሙ።
5. ከጋላፊ ወዲያ የሚወስዳችሁ መኪና አስቀድማችሁ የተነጋገራችሁት ይሁን። ድንበር ላይ ቆሞ መፈለግ ውድ ነው። ያለ ትራንስፖርት ከሆናችሁ ዲክሂል ድረስ ይዞ የሚሄድ የሕዝብ መኪና ጠይቁ።

*ድንበር ላይ ከመለሷችሁ፦* አትጨቃጨቁ፣ ጉቦም አትሞክሩ። ምክንያቱን በጽሑፍ ወይም በግልጽ ቃል ጠይቁ። የቪዛ ጉዳይ ከሆነ ወደ ሰመራ ተመልሳችሁ ስልክና ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ጨርሱት። ሰመራ አውሮፕላን ማረፊያ ስላለ ከዚያ በአዲስ አበባ በኩል መሄድም ይቻላል።

*ሰው በሙቀት ከተዳከመ፦* ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ምልክቶች ናቸው። ጥላ ውስጥ አስተኙት፣ ልብሱን አላሉት፣ ውሃ አርከፍክፉበት፣ ኦአርኤስ በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት። መዘባረቅ ከጀመረ ወይም ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳትሰጡ፣ ሰውነቱን በውሃ እያቀዘቀዛችሁ ወደ ቅርቡ ጤና ተቋም ሩጡ።

ደረጃ 8፦ ከተማው ውስጥ

ቀኑን ለሁለት ክፈሉት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት አንድ ዙር። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ ሁለተኛ ዙር። በመሀሉ ሱቁም ይዘጋል፣ ጫቱም ከኢትዮጵያ የሚገባው ያኔ ነው፤ ከተማው ያርፋል። እናንተም እረፉ።

ለመጀመሪያው የጉብኝት ጠዋት በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ሌስካል ከሚባለው የትንንሽ ጀልባዎች ወደብ ጀምሩ። ጠዋት ላይ ጥላው ጥሩ ነው።
2. ወደ ድሮው የአውሮፓውያን ሰፈር፣ ሰው ዛሬም ምኒልክ አደባባይ ወደሚለው፣ ውጡ። በቅስት የተሠሩት የፎቅ ቤቶች በረንዳ ስር በጥላ መሄድ ይቻላል። የአደባባዩ መደበኛ ስም ሰኔ 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጅቡቲ ነፃ የወጣችበት ቀን ስለሆነ። ታክሲ ነጂው አንዱን ስም ካላወቀ ሌላውን ንገሩት።
3. ከዚያ ወደ ማሕሙድ ሐርቢ አደባባይና ወደ ሐሙዲ መስጊድ ሂዱ። መስጊዱ የተሠራው በ1906 እ.ኤ.አ. ነው። ሙስሊም ካልሆናችሁ ከውጭ እዩት፤ መግባት ከፈለጋችሁ ከሶላት ሰዓት ውጭ ጠይቁ።
4. በዙሪያው ያለው ገበያ መጨረሻ ላይ ይሁን። ቦርሳችሁን ከፊት ያዙ።

ታክሲዎቹ አረንጓዴና ነጭ ናቸው። ቆጣሪ ስለማይጠቀሙ ሳትገቡ ዋጋ ተስማሙ። ማታ ዋጋው ይጨምራል።

ፎቶ ላይ ተጠንቀቁ። ትልቁን ወደብ፣ አየር ማረፊያውን፣ ቤተ መንግሥቱን፣ ወታደርና ፖሊስን፣ የውጭ አገር ጦር ሰፈሮችን አታንሱ። ብዙ አገሮች እዚያ ጦር አላቸው፤ አጥሩ ከመንገድ ላይ ይታያል። ካሜራችሁን አውጥታችሁ ከተያዛችሁ ምስሉን ራሳችሁ አጥፉ፣ ይቅርታ ጠይቁ። ሰውንም ሳታስፈቅዱ አታንሱ።

ፓስፖርታችሁን ወይም ቅጂውን ሁሌም ያዙ። ፖሊስ ወረቀት የሌላቸውን የውጭ ዜጎች የሚሰበስብበት ቀን አለ። ቪዛ እያላችሁ ቅጂ ባለመያዝ ብቻ ታስራችሁ ልታድሩ ትችላላችሁ። ፓስፖርት ከጠፋ መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ አመልክታችሁ ወረቀት ተቀበሉ፤ በማግስቱ ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ ሂዱ። የፖሊስ ስልክ 17፣ የእሳት አደጋ 18 ነው።

ለምግብ የየመን ዓሣ እንዳያመልጣችሁ። ለሁለት ተሰንጥቆ በምድጃ ይጠበሳል፣ ከትልቅ ቂጣ ጋር ይቀርባል። አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ዋጋውን ዓሣው ሲመረጥ ጠይቁ። እንጀራ የናፈቃችሁ የኢትዮጵያውያን ቤቶች ታገኛላችሁ። የታሸገ ውሃ ብቻ ጠጡ።

ደረጃ 9፦ ባሕሩና ታጁራ

ከከተማው ዳር ያለው ባሕር በየጊዜው ይሸሻል፣ ጭቃው ይቀራል። ለመዋኘት ሙሻ ደሴት የተሻለች ናት፤ በጀልባ ነው የሚኬደው። የሕይወት ጃኬት የሌላት ጀልባ ላይ አትሳፈሩ። ዋና የማትችሉ ከወገብ በላይ አትግቡ። የቦርከና ወንዝ ውስጥ የተማረ ዋና ለባሕር አይበቃም። ኮራሉ እግር ስለሚቆርጥ ጫማ አድርጉ።

ታጁራ ከጅቡቲ ከተማ በጣም የቀደመች የወደብ ከተማ ናት። ለታሪክ የምትሄዱ ከሆነ አንድ ቀን ስጧት። ጀልባው የሚነሳው ከሌስካል ነው። የሚሄድበትን ቀንና *የሚመለስበትን* ሰዓት በዋዜማው በአካል ጠይቁ። የመመለሻ ጀልባ ካመለጣችሁ እዚያው እደሩ፤ በማታ ትንሽ ጀልባ አትሳፈሩ።

አሳል ሐይቅን የምትፈልጉ በሌሊት ተነሱ። ከባሕር ወለል 155 ሜትር በታች ስለሆነ ከ4 ሰዓት በኋላ አይቆምበትም። መኪና ስትከራዩ ትርፍ ጎማና ውሃ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ።

ደረጃ 10፦ መመለስ

ቪዛው ከሚያበቃበት አንድ ቀን ቀድማችሁ ውጡ። መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳ ያ ቀን ያድናችኋል።

ሽቶና ልብስ ለራሳችሁ በሚሆን መጠን ግዙ፤ ደረሰኝ ያዙ። አምስት ተመሳሳይ ስልክ ይዞ «ለስጦታ ነው» ማለት ጋላፊም ሚሌም አያሳልፍም። የተያዘ ዕቃ ካለ የተያዘበትን ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ።

የተረፈ ፍራንክ ካለ ከተማው ውስጥ ቀይሩት። ኮምቦልቻ ላይ የሚቀበላችሁ ባንክ ማግኘት ይከብዳል። በጋላፊ የጅቡቲን የመውጫ ማኅተም፣ ከዚያ የኢትዮጵያን የመግቢያ ማኅተም አስመቱ። ቤት ከገባችሁ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ከተሰማችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «ቆላ ነበርኩ» በሉ፤ የወባ ምርመራ ይሠራላችሁ።